ፈረስ ጭኖ ሩቅ ለሚነዳ፦ የሌሊት ማደሪያ አፈላለግና አመራረጥ

ከኬንታኪዋ ሌክሲንግተን ተነሥቶ በሴንት ሉዊስ፣ በኦክላሆማ ሲቲና በአማሪሎ በኩል አሪዞና ፊኒክስ ለመግባት ወደ 1,850 ማይል መንዳት ያስፈልጋል። ደረቅ ጭነት የጫነ ሾፌር በዚህ መንገድ የማደሪያ ችግር የለበትም፤ ሲመሽ ከከባድ መኪና ማቆሚያዎች ወደ አንዱ ጎራ ብሎ መጋረጃውን ይዘጋና ይተኛል። ከኋላው ሁለትና ሦስት ፈረስ ያስከተለ ሰው ግን እንደዚያ ማድረግ አይችልም፤ ለራሱ አልጋ ቢያገኝ እንኳ ለፈረሶቹ ጋጣ ካላገኘ ማደሪያ አገኘ አይባልም። በአሜሪካ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በርካታዎቹ በሾፌርነት የተሰማሩ ስለሆኑ ፈረስ የማጓጓዝ ሥራ ሲቀርብላቸው መንዳቱ አያስጨንቃቸውም፤ የሚከብዳቸው ይኸው የማደሪያው ነገር ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለእነርሱና የራሳቸውን ፈረስ ይዘው ለሚዛወሩ ሰዎች ሲሆን፣ ከላይ የተጠቀሰው መንገድ ምሳሌ ይሆነናል።

ማደሪያ የሚባለው ምን ዓይነት ቦታ ነው

ፈረስ በተጎታች ውስጥ እንዲሁ የቆመ ይመስላል እንጂ በየመታጠፊያውና ፍሬን በተያዘ ቁጥር ሚዛኑን ለመጠበቅ ጡንቻው ሲሠራ ይውላል። ከድካሙ የሚብሰው ግን የአንገቱ ነገር ነው። ፈረስ ሣር ሲግጥ አንገቱን ወደ መሬት ስለሚያወርድ በመተንፈሻ ቱቦው የተጠራቀመው አክታና አቧራ በአፍንጫው በኩል ይወርዳል፤ ራሱ ከፍ ብሎ ታስሮ ሲውል ግን መውጫ ያጣው ፈሳሽ እዚያው ይቀርና ባክቴሪያ ይራባበታል። የእንስሳት ሐኪሞች የጉዞ ትኩሳት የሚሉት፣ ሳንባንና የሳንባን ሽፋን የሚያቆስለው በሽታ ከዚህ ይነሣል፤ ያለ ዕረፍት የተደረገ ጉዞ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ሲያልፍም አደጋው እየጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ ማደሪያ ማለት ፈረሱ ከተጎታቹ ወርዶ፣ ገመዱ ተፈትቶለት፣ አንገቱን መሬት አድርሶ ድርቆሽ እየበላ ቢያንስ 8 ሰዓት የሚቆይበት ቦታ ነው። ተጎታቹን ከነፈረሱ የናፍጣ ጭስ በሚበዛበት የመኪና ማቆሚያ ላይ አቁሞ ማደር፣ መስኮቱ ሁሉ ቢከፈት እንኳ፣ በዚህ ትርጉም ማደሪያ አይሆንም።

የ28 ሰዓት ሕግ ተብሎ የሚታወቀው፣ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1873 ወጥቶ በ1906 በአዲስ የተተካው የአሜሪካ ሕግ እንስሳትን ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት በክፍያ የሚያጓጉዝ ሰው ከ28 ተከታታይ ሰዓት በላይ ሳያወርድ፣ ሳያበላና ሳያጠጣ እንዳይዛቸው፣ ካወረዳቸውም ቢያንስ 5 ተከታታይ ሰዓት እንዲያሳርፋቸው ያዛል። ሕጉ የጭካኔን ድንበር ያሳያል እንጂ የመልካም አያያዝ ልክ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም፤ 27 ሰዓት የቆመ ፈረስ ሕግ ሳይጣስበት ታሞ ሊወርድ ይችላልና። ከዚህ ይልቅ ለሾፌሩ ተብሎ የወጣው ደንብ ለፈረሱ ይበጀዋል። የንግድ ሾፌር 10 ሰዓት ካረፈ በኋላ በ14 ሰዓት ውስጥ ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት አይፈቀድለትም፤ እንስሳት ለሚጭኑ ሰዎች በተወሰነ ርቀት ውስጥ የተለየ ፈቃድ ቢኖርም፣ እኔ እስከ ዛሬ የ10 ሰዓቱን ዕረፍት የፈረሱ ሌሊት አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

አንደኛ፦ መንገዱን በማደሪያ መከፋፈል

ብዙ ሰው በየቀኑ ምን ያህል እንደሚነዳ አስቀድሞ ይወስንና ሰዓቱ ሲያልቅ በደረሰበት ከተማ ማደሪያ ይፈልጋል። አሠራሩ መገልበጥ አለበት፤ መጀመሪያ ፈረስ የሚያድርባቸው ቦታዎች ይገኛሉ፣ የዕለቱ ጉዞ ደግሞ በእነርሱ ልክ ይቆረጣል። ለዚህም የስልክዎ ካርታ የሚሰጥዎትን ሰዓት አይመኑት። ካርታው 7 ሰዓት ያለውን መንገድ ፈረስ የጫነ መኪና ወደ 9 ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል፤ ፍጥነቱ ዝቅ ያለ ነው፣ በየ4 ሰዓቱ ደግሞ ሞተር አጥፍቶ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆሞ ውኃ መስጠትና ፈረሶቹን ማየት ግድ ነው። በእነዚህ አጭር ዕረፍቶች ፈረስ ከተጎታቹ አይወርድም፤ በአውራ ጎዳና ዳር አንድ ጊዜ ያመለጠ ፈረስ የራሱን ብቻ ሳይሆን የሰውም ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

በምሳሌያችን መንገድ የመጀመሪያው ቀን ከሌክሲንግተን እስከ ሚዙሪዋ ሮላ አካባቢ 440 ማይል ያህል፣ ሁለተኛው እስከ ኦክላሆማ ሲቲ 395፣ ሦስተኛው እስከ ኒው ሜክሲኮዋ ቱከምካሪ 370፣ አራተኛው እስከ ጋለፕ 315፣ አምስተኛው በፍላግስታፍ በኩል እስከ ፊኒክስ 330 ማይል ይሆናል። ረጅሙ ቀን መጀመሪያ ላይ የዋለው ሆን ተብሎ ነው፤ ፈረሶቹ ገና አልደከሙም፣ መንገዱም አልከበደም። ከአማሪሎ በኋላ ግን ምድሩ ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ፍላግስታፍ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ከአዲስ አበባ ጥቂት ብቻ ነው ዝቅ የምትለው፣ በብርዱ ወራትም በረዶ መንገዱን ሊዘጋው ይችላል። ከእርሷ ወደ ፊኒክስ የሚወስደው 17 ቁጥር አውራ ጎዳና ፍሬን የሚያግል ረጅም ቁልቁለት ስላለው፣ ሌሊቱን በደንብ ያረፈ ሾፌር በቀን ብርሃን ቢወርደው ይሻላል።

ስልክ መደወል የሚጀመረው ምርጫ ከጠበበበት ቦታ ነው። ኦክላሆማ ሲቲ የፈረስ ትርዒት ከተማ ስለሆነች በዙሪያዋ ጋጣ አይጠፋም፤ ቱከምካሪ ግን ትንሽ ከተማ ናት፣ ያሉት ጥቂት ቦታዎች ከተያዙ የሦስተኛው ቀን ዕቅድ በሙሉ ይፈርሳል። በመሆኑም ቱከምካሪን ከያዙ በኋላ ሌሎቹን ያስተካክሉ። ኦክላሆማ ሲቲም ቢሆን ሁልጊዜ ክፍት አይደለችም፤ በኖቬምበር ኳርተር የሚባለው የፈረስ ዝርያ የዓለም ሻምፒዮና በሚካሄድበት ሰሞን በአካባቢው ያለው ጋጣ አስቀድሞ ስለሚያዝ፣ በዚያ ወቅት የሚያልፍ ሰው ከከተማዋ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ወይም አልፎ ማደሪያ ቢይዝ ይቀለዋል።

ለእያንዳንዱ ሌሊት ሁለት ቦታ ይመዝገቡ፦ ዋናውንና ተጠባባቂውን። ተጠባባቂው ከዋናው በፊት፣ በአንድ ሰዓት መንገድ ውስጥ የሚገኝ ቢሆን ይመረጣል። ጎማ ፈንድቶ ወይም መንገድ ተዘግቶ የዘገየ ሰው ከዋናው ማደሪያ አልፎ ለመሄድ አቅም አይኖረውም፤ የሚያስፈልገው ሳይደርስበት የሚያገኘው ቦታ ነው።

መድረሻ ሰዓት ሁልጊዜ ከጀንበር መግቢያ በፊት ይሁን። እዚህ ላይ የእኛን ሰው በተለይ የሚመለከት ጉዳይ አለ፦ ከማደሪያው ባለቤት ጋር የተነጋገሩትን ሰዓት በአሜሪካው አቆጣጠር ብቻ ይጻፉት። ከአገር ቤት ልማድ የተነሣ «በ11 እንደርሳለን» ብሎ አስቦ፣ ለባለቤቱም ቃል በቃል «በ11» ብሎ ነግሮ፣ እርሱ ደግሞ ከእኩለ ሌሊት አንድ ሰዓት ሲቀረው እንደሚመጣ ተረድቶ በሩን ቆልፎ የሄደበት ሰው አውቃለሁ። የሰዓት ክልሉም ይታሰብ፤ በዚህ መንገድ ወደ ምዕራብ የሚነዳ ሰው በኢንዲያና አካባቢ አንድ ሰዓት፣ ኒው ሜክሲኮ ሲገባ ሌላ አንድ ሰዓት ያተርፋል፣ በመልሱ ግን ይከፍለዋል። አሪዞና በበጋ ሰዓቷን ስለማትቀይር፣ በውስጧ ያለው የናቫሆ ሕዝብ ግዛት ደግሞ ስለሚቀይር፣ ከጋለፕ ወደ ፍላግስታፍ ሲነዱ የስልክዎ ሰዓት ወዲያና ወዲህ ቢል አይደናገጡ።

ሁለተኛ፦ የት እንደሚፈለግ

በብዛት የሚገኙት የፈረስ ሞቴል የሚባሉት ናቸው። ስሙ ትልቅ ይምሰል እንጂ አብዛኞቹ ፈረስ ያላቸው ቤተሰቦች ትርፍ ጋጣና በረታቸውን ለመንገደኛ የሚያከራዩባቸው ግቢዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ለሰውም ክፍል ወይም ለመኖሪያ ተጎታች የመብራትና የውኃ መስመር አላቸው። ክፍያው በፈረስና በሌሊት ይሰላል። በየክፍለ ግዛቱ የሚዘረዝሩ የበይነ መረብ ማውጫዎች ስላሉ በዚያ ይጀምሩ፤ ነገር ግን ማውጫው ላይ ስሙ ያለ ቦታ ሁሉ ዛሬም ሥራ ላይ ነው ብለው አይመኑ፣ ደውለው ያረጋግጡ።

ሁለተኛው፣ እኔም ብዙ ጊዜ የምመርጠው፣ የካውንቲ የትርዒት ሜዳ ነው። አብዛኞቹ ካውንቲዎች በዓመት አንድ ጊዜ የእርሻና የከብት ትርዒት የሚያካሂዱበት ግቢ አላቸው፤ ትርዒቱ በሌለበት ጊዜ ረድፍ ረድፍ ጋጣዎቹ ባዶ ይሆናሉ። ግቢው ለትላልቅ ተጎታቾች ታስቦ የተሠራ በመሆኑ መግቢያና መዞሪያው ሰፊ ነው። ጉድለቱ ጽሕፈት ቤቱ በሥራ ሰዓት ብቻ ክፍት መሆኑና ሌሊት ጠባቂ የሌለው ብዙ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ቀደም ባለ ሳምንት ደውለው የግቢውን ኃላፊ የግል ቁጥርና የበሩን ቁልፍ ጉዳይ ይጨርሱ። በዓመቱ ምን ቀን ትርዒት እንዳለም ይጠይቁ፤ በትርዒት ሳምንት ጋጣ ቢኖር እንኳ ከማይታወቁ ፈረሶች ጎን ማደር አይመከርም።

ሌክሲንግተን ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1978 የተከፈተው የኬንታኪ የፈረስ ፓርክና መሰል ትላልቅ ማዕከላትም ጋጣ አላቸው፤ ከመነሻው ዕለት በፊት ፈረሶችን ሰብስቦ ለማሳደር ለሚፈልግ ሰው ሊጠየቁ ይችላሉ። በብሔራዊ ደኖች ውስጥ የፈረሰኞች ሰፈር የሚባሉ ቦታዎችም አሉ፤ ሆኖም ወደ እነርሱ የሚወስደው መንገድ ጠባብ ነው፣ በብዙዎቹም ከአረም ዘር ነጻ መሆኑ የተመሰከረለት ድርቆሽ ካልሆነ ማስገባት አይፈቀድም። ለጉዞ ማደሪያ ሳይሆን ለሽርሽር ይሆናሉ። የፈረስ ጨረታ የሚካሄድባቸውን በረቶች ግን ከዝርዝርዎ ያውጧቸው፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ፈረስ በየሳምንቱ የሚገባባቸው ቦታዎች ናቸው።

ሦስተኛ፦ በስልክ የሚጠየቀው

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ጋጣ ሳይሆን ስለ መግቢያው መሆን አለበት። የመኪናዎንና የተጎታችዎን ጠቅላላ ርዝመት ይንገሩ፤ ሳይፈቱ ገብተው፣ ዞረው መውጣት ይችሉ እንደሆነ፣ መሬቱ ጠጠር ነው ወይስ ዝናብ ሲጥል የሚያሰምጥ ጭቃ፣ ዝቅ ብሎ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም ቅርንጫፍ አለ ወይ ብለው ይጠይቁ። ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው፤ አንድ ምሽት ስለ ጋጣው ስፋት በዝርዝር ጠይቄ ስለ በሩ ሳልጠይቅ በመሄዴ፣ ጠባብ በር ላይ ደርሼ ግራና ቀኝ ቦይ ባለበት የገጠር መንገድ በጨለማ የኋልዮሽ ስነዳ አንድ ሰዓት ፈጅቶብኛል፣ ፈረሶቹም ላብ በላብ ሆነው ወረዱ።

ቀጥሎ የጋጣው ነገር ነው። ለመደበኛ ፈረስ 12 በ12 ጫማ የሆነ ጋጣ ይበቃል። ግድግዳው ድፍን ነው ወይስ የብረት ቱቦ የሚለው ጥያቄ ትልቅ ልዩነት አለው፤ በቱቦ በረት ውስጥ ያደረ ፈረስ ከጎረቤቱ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ይገናኛል፣ ትንፋሽ ይለዋወጣል። ባዝራ ወይም ድንጉላ ከያዙ አስቀድመው ይናገሩ፣ በግቢው ድንጉላ ካለም ይጠይቁ። ባለፈው አንድ ወር ውስጥ የሳለ፣ ትኩሳት የያዘው ወይም ከመንጋጋው ሥር ያበጠ ፈረስ ነበረ ወይ? ጋጣው ከመንገደኛ ወደ መንገደኛ ሲተላለፍ ይታጠባል ወይስ ፍጉ ብቻ ይወጣል? ሌሊት በግቢው የሚያድር ሰው አለ? በአቅራቢያው ፈረስ የሚያክም ሐኪም ማን ነው? ብንዘገይ እስከ ስንት ሰዓት ይጠብቁናል፣ ባንመጣስ ቀብዱ ይመለሳል?

ከመልሶቹ ሁሉ ይልቅ እኔ የማምነው ባለቤቱ መልሶ የሚጠይቀኝን ነው። የፈረሶቹን የምርመራ ወረቀት አስቀድሜ እንድልክለት የሚጠይቅ፣ ከየት እንደተነሣሁና ቀደም ባለው ሌሊት የት እንዳደርኩ የሚያጣራ ሰው ለሌላውም መንገደኛ እንዲሁ ያደርጋል፤ ስለዚህ በእርሱ ጋጣ ትናንት ያደረው ፈረስ ተጣርቶ የገባ ነው። ምንም ሳይጠይቅ «ና ብቻ» የሚል ሰው ደግ ሊሆን ይችላል፤ በሩ ግን ለበሽታም ክፍት ነው።

አራተኛ፦ ወረቀቶች

በሄዱበት ሁሉ የሚጠየቁት ሁለት ወረቀቶች ናቸው። አንደኛው ኮጊንስ የሚባለው የደም ምርመራ ውጤት ነው፤ ፈረሱ ፈውስም ሆነ በአሜሪካ የሚሰጥ ክትባት ከሌለው፣ በዝንብ ንክሻ ከሚተላለፈው የፈረስ ተላላፊ የደም ማነስ ነጻ መሆኑን ያሳያል። አብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች በ12 ወር ውስጥ የተደረገ ምርመራ ይቀበላሉ፤ ማደሪያዎች ግን ከዚህ ያነሰ ጊዜ ሊጠይቁ ይችላሉ። ሁለተኛው የእንስሳት ሐኪም የሚሰጠው የጤና የምስክር ወረቀት ሲሆን፣ እንደ ልማዱ ለ30 ቀን ብቻ ያገለግላል፤ ደርሶ መልስ የሚሄድ ሰው በመልሱ ጊዜው እንዳያልፍበት ቀኑን አስቀድሞ ይቁጠር። በምዕራቡ ክፍል የባለቤትነት ማረጋገጫ የሆነው የማኅተም፣ ማለትም በፈረሱ ቆዳ ላይ የተተኮሰው ምልክት፣ ምርመራም አለ፤ ለምሳሌ በኮሎራዶ ፈረስን በክፍለ ግዛቱ ውስጥ ከ75 ማይል በላይ ለማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። በፍሎሪዳ ድንበር ተጎታች የሚጎትት ሁሉ በእርሻ ቁጥጥር ጣቢያ መቆም ግዴታው ነው። የየክፍለ ግዛቱ የእንስሳት ሐኪም ጽሕፈት ቤት ወቅታዊውን ደንብ በስልክ ይነግራል፤ በመንገድ ላይ ያለች አንዲት ካውንቲ በበሽታ ምክንያት ዝውውር አግዳ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመነሣትዎ በፊት ባለው ሳምንት ማደሪያዎ የሚገኝባቸውን ክፍለ ግዛቶች ሁሉ አንድ በአንድ ይጠይቁ። ወረቀቶቹን በሁለት ቅጂ ይያዙ፣ አንዱ ከሾፌሩ ጋር አንዱ በተጎታቹ ውስጥ፤ ከእያንዳንዱ ፈረስ ፎቶግራፍ ጋር።

አምስተኛ፦ በማደሪያው የሚበላውና የሚነጠፈው

ከዚህ በታች ያሉት ሦስት ነገሮች በብዙ መንገደኞች ዘንድ የማይታወቁ ስለሆኑ ሰፋ አድርጌ እጽፋቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ንጣፉ ነው። ሼቪንግስ የሚባለው የእንጨት ፍቅፋቂ ጥቁር ዋልነት ከሚባለው ዛፍ የተገኘ ከሆነ፣ ከሌላ እንጨት ጋር በጥቂቱ ቢቀላቀል እንኳ፣ የቆመበትን ፈረስ በሰዓታት ውስጥ ኮቴውን ያስቆስለዋል፤ እግሩ ያብጣል፣ መራመድ ያቅተዋል። ዛፉ በኬንታኪና በሚዙሪ በብዛት ይበቅላል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች ፍቅፋቂው ከእንጨት ቤት በጅምላ የመጣ ነው ወይስ ለፈረስ ተብሎ ታሽጎ የተሸጠ የጥድ ፍቅፋቂ ነው ብለው ይጠይቁ፤ ጠቆር ያለ ፍቅፋቂ ካዩ ፈረሱን አያስገቡ። በጆንያ የታሸገ የራስዎን ንጣፍ ይዞ መሄድ ከሁሉ ያሳርፋል።

ሁለተኛው ድርቆሽ ነው። በኦክላሆማ፣ በካንሳስና በቴክሳስ ከሚታጨደው አልፋልፋ ከሚባለው የመኖ ተክል ጋር አንዳንዴ ቆዳን ውኃ የሚያስቋጥር መርዝ ያለባቸው ጥንዚዛዎች አብረው ታጭደው ይታሰራሉ፤ ጥንዚዛው ደርቆና ሞቶ እንኳ መርዙ አይጠፋም፣ ጥቂቶቹ ፈረስ ሊገድሉ ይችላሉ። ከዚህ ውጭ ድንገተኛ የድርቆሽ ለውጥ ራሱ ለሆድ ቁርጠት ስለሚዳርግ፣ ለጉዞው በሙሉ የሚበቃውን ከቤት መጫን ይሻላል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 500 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን ከ7.5 እስከ 10 ኪሎ ድርቆሽ ይበላል፤ ለአምስት ቀን ቢበዛ 50 ኪሎ፣ ይህም እንደ እስሩ ክብደት ሁለት ተኩል እስር ያህል ነው። ለአንድ ፈረስ ሦስት እስር ቢጭኑ ለመዘግየትም ይተርፋል።

ሦስተኛው፣ ከሁሉ የከፋው፣ የከብት መኖ ነው። ከአማሪሎ ዙሪያ ያለው አገር የከብት ማድለቢያ አገር ስለሆነ ብዙ ማደሪያዎች ፈረስና ከብት አብረው ይይዛሉ። ለከብት በሚዘጋጅ መኖ ውስጥ የሚጨመረው ሞነንሲን የሚባለው መድኃኒት ለከብት የሚጠቅም ሲሆን፣ ለፈረስ ግን የልብ ጡንቻን የሚያጠፋ መርዝ ነው፤ ማርከሻም የለውም። ስለዚህ ጋጣው ውስጥ ያለውን የመኖ ገንዳ ባዶም ቢመስል በእጅዎ ይጥረጉት፣ የተረፈ ፍሬ ካለበት አጥበው ያድርቁት፣ ባለቤቱ በደግነት «ጥቂት መኖ ልስጥልዎት» ቢልም በምስጋና እምቢ ይበሉ።

ስድስተኛ፦ እንደደረሱ

ፈረሱን ከማውረድዎ በፊት ብቻዎን ጋጣውን ይግቡበት። የወጣ ምስማር፣ የተሰበረ ሳንቃ፣ የላላ መቀርቀሪያ፣ የተንጠለጠለ ሽቦ ይፈልጉ። የውኃ ገንዳ ካለ አይጠቀሙበት፤ በራስዎ ባልዲ ይቅዱ፣ የግቢው ቱቦ ጫፍ ባልዲው ውስጥ ተነክሮ እንዳይገባ ከፍ አድርገው ይያዙት፣ ትናንት በሌላ ፈረስ ባልዲ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላልና። እ.ኤ.አ. በ2011 በዩታ፣ ኦግደን ከተካሄደ የፈረስ ውድድር በኋላ ነርቭ የሚያጠቃው የፈረስ ሄርፒስ በርካታ የምዕራብ ክፍለ ግዛቶችን አዳርሶ ነበር፤ በሽታው ወደ ቤታቸው በተመለሱት ፈረሶች አማካይነት የተሰራጨ ሲሆን፣ በንፍጥና በጋራ ዕቃ የሚተላለፍ ስለሆነ ባልዲን፣ መንሽንና አካፋን ለይቶ መያዝ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

ካወረዱ በኋላ ጥቂት ያንሸራሽሩት፣ ከዚያ ጋጣ ውስጥ ገመዱን ፈትተው ድርቆሹን መሬት ላይ ያድርጉለት። መረብ ላይ መስቀል አንገቱን እንደገና ወደ ላይ ስለሚመልሰው የማደሪያውን ጥቅም ያጠፋዋል። ፈረስ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ውኃ ይጠጣል፤ በየከተማው ግን የውኃው ጣዕም ስለሚለይ አንዳንዱ አሽትቶ ይመለሳል። ከመነሣትዎ ጥቂት ቀናት አስቀድመው በቤት ውኃው ላይ ትንሽ የፖም ጭማቂ ማለማመድ ይህን ችግር በደንብ ያቃልላል፤ በየማደሪያው ያንኑ ጭማቂ ሲጨምሩበት የራሱ ውኃ ይመስለዋል።

ሙቀቱን ማታ ከመተኛትዎ በፊትና ጠዋት ከመጫንዎ በፊት ይለኩና በደብተር ይጻፉ። ጤነኛ ትልቅ ፈረስ ከ99 እስከ 101.5 ፋራናይት፣ ማለትም ከ37.2 እስከ 38.6 ሴልሺየስ ገደማ ይለካል፤ የልቡ ምት ዕረፍት ላይ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ነው። ከዚህ በላይ ትኩሳት ያለው፣ ድርቆሽ የተወ፣ ሆዱን ዞሮ ዞሮ የሚያይ ወይም ሌሊቱን ሙሉ ፍግ ያልጣለ ፈረስ ጠዋት አይጫንም፤ ሐኪም ይጠራል። ከማደሪያው ባለቤት ጋር ሲነጋገሩ «አስፈላጊ ከሆነ ሁለተኛ ሌሊት መቆየት እንችላለን?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ማደሪያው ሳይሳካ ሲቀር

ዋናውም ተጠባባቂውም ከተበላሸ፣ መጀመሪያ የሚደወለው በአካባቢው ላለ የትላልቅ እንስሳት ሐኪም ቤት ነው። ብዙዎቹ ለታካሚ የሚሆን ጋጣ ስላላቸው ባዶ ከሆነ ሊያከራዩ፣ ባይሆን የሚያከራይ ሰው ሊጠቁሙ ይችላሉ፤ የታመመ ፈረስ በቅርብ ካለ ግን ጥቆማውን ብቻ ይውሰዱ። ቀጥሎ የመኖ መደብር ነው፤ የመኖ ሻጭ በዙሪያው ፈረስ ያለውን ሰው ሁሉ ያውቃል። የካውንቲው ሸሪፍ ጽሕፈት ቤት ድንገተኛ ያልሆነ የስልክ መስመርም በሌሊት የትርዒት ሜዳውን ቁልፍ የያዘውን ሰው ሊያገኝልዎት ይችላል። ይህም ሁሉ ካልተሳካ፣ ጸጥ ባለና ነፋስ በሚያገኝ ቦታ ቆመው፣ ፈረሶቹን ሳያወርዱ፣ ራሳቸው ዝቅ እንዲል ገመዳቸውን አስረዝመው ወይም ተጎታቹ ከፈቀደ ፈትተው፣ በየሁለት ሰዓቱ ውኃ እየሰጡ ይጠብቁ፤ ሲነጋም የዕለቱን ጉዞ በግማሽ ቀንሰው በቅርብ ባለው ጋጣ ያሳርፏቸው። አንድ ሌሊት ያለ ዕረፍት ያለፈበት ፈረስ በማግስቱ ሙሉ ቀን ሊጓዝ አይገባም።

ጠዋት ከመነሣት በፊት

መጀመሪያ ያብሉ፣ ከዚያ መኪናውን ያዘጋጁ፣ መጨረሻ ላይ ይጫኑ። ጎማዎችን፣ ማያያዣውንና የደኅንነት ሰንሰለቱን ሲያዩ ፈረሶቹ ገና በጋጣቸው ይሁኑ። የተጎታቹን ወለል ጠርገው የረጠበውን ንጣፍ ያውጡ፤ የሽንት አሞኒያ በተዘጋ ተጎታች ውስጥ ሳንባን ያቃጥላል። ጋጣውን እንዳገኙት ንጹሕ አድርገው ይተዉት፣ ፍጉን ባለቤቱ ባሳየዎት ቦታ ይድፉ። ባልዲዎቹን መጀመሪያ በሳሙና አጥበው ቆሻሻው ከለቀቀ በኋላ አንድ እጅ የልብስ ማንጫ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጠው ያጠቧቸው፣ በንጹሕ ውኃ አለቅልቀው ሲሄዱ እንዲደርቁ ደፍተው ይጫኗቸው፤ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ጀርም አይገድልም። ከዚያ በደብተርዎ ላይ የበሩን ስፋት፣ የመዞሪያውን ነገር፣ የንጣፉን ዓይነት፣ የሐኪሙን ስልክና ባለቤቱ ምን ምን እንደጠየቀዎት ይጻፉ፤ በመልሱ ጉዞ መጀመሪያ የሚደውሉት ወደዚያ ነው።